«ልጆቼን አጠቆራችኋቸው»፦ የአንዲት የድሬ እናት ፎቶዎች

የምሠራው ድሬዳዋ ውስጥ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር አካባቢ ባለ ፎቶ ቤት ነው። ደንበኞቻችን በብዛት ጉርድ ፎቶ ፈላጊዎች ናቸው። በስልካቸው ያነሱትን የሚያሳጥቡም አሉ፤ በተለይ በበዓል ማግስት። ይህ ጉዳይ ከእነሱ የአንዷ ነው። እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች። ስሟን ግን አልጠራም፤ የልጆቿንም ፎቶ አላሳይም።

የሁለት ልጆች እናት ናት። ሴቷ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ወንዱ ስድስት። ቤታቸው ከደቻቱ ማዶ፣ መጋላ በኩል ነው። አባታቸው ጅቡቲ ይሠራል። የሚመጣው በዓመት አንዴ ነው፤ ቢበዛ ሁለቴ። ስለዚህ ለዚህ ቤት ፎቶ የግድግዳ ጌጥ ብቻ አይደለም። አባትየው ልጆቹ ሲያድጉ የሚያየው በፎቶ ነው። እናትየዋ የምታነሳው መካከለኛ ዋጋ ባለው አንድሮይድ ስልክ ነው። ስለ ፎቶ ተምራ አታውቅም። ግን ታነሳለች፤ በጣም ታነሳለች።

ኢድ እንዳለፈ የመረጠቻቸውን ፎቶዎች በ10 በ15 ሴንቲሜትር መጠን አሳጠበች። ወደ ጅቡቲ ለሚሄድ ሰው ልታስይዝ ነው። ፖስታውን ከፍታ ስታይ ፊቷ ተለወጠ።

«አቦ፣ ልጆቼን አጠቆራችኋቸው እኮ! ስልኬ ላይ እንዲህ አይደሉም።»

ይህ ቅሬታ ለፎቶ ቤት አዲስ አይደለም። ብዙ ጊዜ «ያመጣሽው ነው የታጠበው» ይባልና ነገሩ በዚያው ያልቃል። እሷ ግን ስልኳን አውጥታ ከወረቀቱ ጎን አስቀመጠችው። እውነቷን ነው፤ ስክሪኑ ላይ ልጆቹ ፏ ብለዋል። ብራይትነሱ እስከ ጫፍ ተከፍቷል። የድሬ ፀሐይ ላይ ስልክ የሚያይ ሰው ሌላ ምን ምርጫ አለው? ስክሪን ግን የራሱ መብራት አለው። ወረቀት የለውም፤ ያረፈበትን ብርሃን ብቻ ነው የሚመልሰው። ብራይትነሱን ወደ ግማሽ አወረድኩና መልሰን አየን። ስልኩ ላይ ያሉትም ልጆች ጠቆሩ።

ያ የችግሩ ግማሽ ነው። ፖስታው ውስጥ ሁለት ዓይነት ፎቶ ነበር። አንደኞቹ እንደተነሱ የታጠቡ ናቸው፤ ፊት ጨልሟል፣ ዓይን አይታይም። ሁለተኞቹ በፊልተር ያለፉ ናቸው። እነዚያ ላይ ልጆቹ ነጥተዋል። ቆዳቸው ተልጓል፣ አገጫቸው ሾሏል፣ ዓይናቸው ሰፍቷል። ይህን የሚሠራው ስልኩ ሲገዛ ይዞት የመጣው ማሳመሪያ ነው። እናትየዋ ፊት ሲጨልምባት እሱን ትከፍታለች። አንዱን ፎቶ ሐረር ላሉት አያታቸው ልካላቸው ነበር። አያትየው ደውለው «ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?» አሏት።

ይህን የነገረችኝ እየሳቀች ነው። እኔ ግን የጉዳዩ ፍሬ ነገር ያለው እዚያ ጥያቄ ውስጥ ይመስለኛል። የጨለመ ፎቶን ማብራት ሌላ ነው፤ ልጅን ማንጣት ሌላ ነው። ማሳመሪያው ሁለቱን ለይቶ አያውቅም። የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል፤ ደግሞ ያ ሰው ከእናት የተሻለ የለም።

ከዚያ በፊት ስለ ፎቶዎቿ ማን ምን ብሏት ያውቃል? የቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ አለ። ፎቶ ስትለጥፍ ልብ ይደረደራል። «ማሻአላህ» ይባላል፣ «ሲያምሩ!» ይባላል። ፍቅር ነው፤ ምንም አልልም። ግን የፎቶው ምኑ ጥሩ እንደሆነ፣ ምኑ እንደጎደለ ከዚያ አይገኝም። ሌላው ጫፍም አለ። ባልደረባዬ ፎቶዎቹን ዓይቶ «ካሜራ ነው የሚያስፈልግሽ» አላት። የካሜራ ዋጋ ዛሬ ስንት እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ይህ ምክር አይባልም። ደግሞም ልክ አልነበረም። ቀን ከተነሱት ውስጥ በስልኩ ድክመት የተበላሸ አላገኘሁም።

እኔ የጀመርኩት በጥያቄ ነው። አንዱን ፎቶ አነሳሁና «እህቴ፣ ይሄን ስታነሺ ምን እንዲታይልሽ ነው?» አልኳት። ሴቷ ልጅ በኢድ ልብሷ ግቢ ውስጥ ቆማለች።

«ሂናዋን ነዋ! አባቷ እንዲያይላት ብላ ስንት ሰዓት ተቀምጣ ነው የተሠራላት።»

ፎቶው ውስጥ ሂና የለም። ከእግር እስከ ራሷ የምትታይ ልጅ አለች። የቆርቆሮ በር አለ። የብስክሌት ጎማ፣ የልብስ ማስጫ ገመድ፣ ዲሽ አለ። እጆቿ ታች ወርደው የቀሚሷ እጥፋት ውስጥ ገብተዋል። ምንም አልተናገርኩም፤ ራሷ አየችው። «ውይ! እጇ የታል?» አለች።

አስተያየት ከዚህ ቢጀምር ጥሩ ነው እላለሁ። አንሺው ምን እንደፈለገ ሳይጠይቁ «ዘሟል፣ ጀርባው ተዝረክርኳል» ማለት የራስን ምርጫ መጫን ነው። ይቺ እናት ለውድድር አታነሳም። ብስክሌቱ መውጣት ያለበት የፎቶ ሕግ ስለሚከለክለው አይደለም፤ አባትየው ሊያየው የሚገባውን ስለሻማበት ነው። ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ አንድ የሠራላትን ነገርና አንድ መለወጥ ያለበትን ብቻ እንነጋገር ጀመር። ከዚያ በላይ ሲሆን ሰው ይሰለቻል። እኔም እሰለቻለሁ።

ብርሃኑ

የሂናው ፎቶ የተነሳው ስድስት ሰዓት ገደማ ነው። ዘመድ ተሰብስቧል፤ ሁሉም እንደለበሰ ነው። ሰዓቱ ለሰው እንጂ ለፎቶ አይመችም። ድሬዳዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ተኩል አካባቢ ላይ ናት። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ ማብቂያ ገደማ፣ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ቀጥ ብላ አናት ላይ ትቆማለች። በመካከል ባሉት ወራትም ከአናት ብዙ አትርቅም። ብርሃን ከላይ ሲወርድ ግንባርንና አፍንጫን ያበራል፤ የዓይን ጉድጓድ ግን ጥላ ይሆናል። ልጅ ደግሞ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ፊቷን ታኮማትራለች። «ፎቶ አይወጣላትም» ከሚባሉት ልጆች ብዙዎቹ ስድስት ሰዓት ላይ የተነሱ ናቸው።

በዚያ ላይ ግድግዳው አለ። ልጅቷ የቆመችው ለበዓል ኖራ በተቀባ ነጭ ግድግዳ ፊት ነው። ቀሚሷም ነጭ ነው። ካሜራ የሚለካው የገባለትን ብርሃን ነው። አማካዩ መካከለኛ ግራጫ እንዲሆን አድርጎ ያመጣጥነዋል። ያ ግራጫ ካረፈበት ብርሃን 18 በመቶ ያህሉን የሚመልስ ነው ተብሎ ነው ድሮ ጀምሮ የሚሠራበት። ነጭ ሲበዛበት «በጣም በርቷል» ብሎ ሁሉንም ያጨልማል። ግድግዳው ግራጫ ይሆናል። ጠይም ፊት ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል። የዛሬ ስልኮች ፊትን መለየት ስለሚችሉ ይሻላሉ። ፊቱ ፎቶው ውስጥ ትንሽ ሲሆንና ጥላ ሲውጠው ግን እነሱም ይስታሉ።

ነገሩ የቆየ ታሪክ አለው። በፊልም ዘመን ብዙ ማጠቢያ ቤት ቀለሙን የሚያስተካክለው ከኮዳክ በሚላክ ሸርሊ ካርድ በሚባል ፎቶ ነበር። ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት። የእሷ ቆዳ ልክ ከወጣ ማሽኑ ልክ ነው ይባላል። የጥቁር ሰው ፊት ሲጨልም ብዙም የሚጨነቅ አልነበረም። ፊልሙ ቡናማን በደንብ እንዲይዝ ኩባንያውን ከገፋፉት መካከል የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ይገኙበታል፤ የዕቃቸው ፎቶ አላምር ብሏቸው። ጉግል ጠይምና ጥቁር ቆዳን እንደሆነው ለማሳየት ያለመውን ሪል ቶን በፒክስል 6 ስልኩ ያወጣው ገና በ2021 (እ.ኤ.አ.) ነው። ይህን ስነግራት «ያስከበረን ቸኮሌት ነዋ!» አለች።

በእሷ ስልክ መፍትሔው ቀላል ነው። ማንሻውን ከመጫኗ በፊት ጣቷን የልጅቷ ፊት ላይ ታሳርፋለች። ስልኩ ፎከሱንም ብርሃኑንም በዚያ ልክ ያስተካክላል። አጠገቡ የምትመጣውን የፀሐይ ምልክት ወደ ላይ ስትስበው ይበራል፤ ወደ ታች ሲሆን ይጨልማል። ሌንሱንም ጠረግን። የእጅ ቅባት ነበረበት፤ የማታ ፎቶዎቿ ላይ አምፖሉን ከቦ የሚታየው ጭጋግ የመጣው ከዚያ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን የቆሙበት ቦታ ነው። ቤታቸው ወደ ግቢው የተከፈተ በረንዳ አለው። ልጅቷ የጣሪያው ጥላ የሚያልቅበት ላይ፣ ፊቷን ወደ ግቢው አድርጋ ትቁም። ፀሐይ አይነካትም። ከሰማይና ከግቢው አሸዋ የሚመለሰው ብርሃን ግን ፊቷን ከፊትና ከታች ያበራዋል። የዓይን ጉድጓዷ ይሞላል፣ ዓይኗ ውስጥም ትንሽ የብርሃን ነጥብ ይታያል። አሸዋው ካልበቃ ነጭ አንሶላ ከፊቷ መሬት ላይ ይነጠፋል። አንሶላ የሌለበት ቤት የለም። ሰዓቱ ደግሞ ጠዋት እስከ ሁለት፣ ከሰዓት ከአሥር ተኩል በኋላ ነው። በድሬ ሙቀት ልጆቹም ቢሆኑ የሚቦርቁት ያኔ ነው።

ሌላው ርቀት ነው። እናትየዋ ፊት እንዲጎላ ብላ ስልኩን አፍንጫቸው ድረስ ታስጠጋለች። የስልክ ዋናው ሌንስ ሰፊ ነው። በጣም ከቅርብ ሲነሳ አፍንጫ ይገዝፋል፣ ጆሮ ወደ ኋላ ይሸሻል። ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ አንስቶ በኋላ መቁረጥ ይሻላል። ቁመትም አለ። ከላይ ወደ ታች የተነሳ ልጅ ሁሉ ጭንቅላቱ ትልቅ፣ እግሩ አጭር ነው። ተንበርከኪ ስላት «በዚህ ቀሚስ?» አለችኝ። በኋላ ዱካ አውጥታ ቁጭ ብላ ማንሳት ጀመረች።

ሐረር

ቀጣዮቹ ፎቶዎች የመጡት ከሐረር ነው። ለሸዋል ኢድ አያታቸው ዘንድ ወጥተው ነበር። ዩኔስኮ በ2023 (እ.ኤ.አ.) የመዘገበው በዓል ነው፤ በዚያ ሰሞን ከተማው በፎቶ አንሺ ይሞላል።

የጀጎል ጠባብ መንገድ ለሰው ፊት ይስማማል። ግንቡ ከሁለት በኩል ስለሚጋርድ ፀሐይ ቀጥታ የምትገባው ለጥቂት ሰዓት ነው። ብርሃኑ ከግድግዳ ግድግዳ እየነጠረ ለስልሶ ይደርሳል። ችግሩ የግድግዳው ቀለም ነው። አረንጓዴ አለ፣ ሮዝ አለ፣ ሰማያዊ አለ። ብርሃኑ የነካውን ቀለም ይዞ ነው የሚመጣው። ወንዱ ልጅ አረንጓዴ ግድግዳ ተደግፎ ተነስቶ ነበር፤ ግማሽ ፊቱ አረንጓዴ መታ። ባልደረባዬ «ምነው፣ ታሟል እንዴ?» አለ። እናትየዋ በኤዲት ልታስተካክለው ሞክራ ቀለሙን ወደ ሮዝ ገፋችው። የታመመው ጉንጭ ዳነ፤ ጤነኛው ደግሞ ቀላ። ለዚህ ከኤዲት ይልቅ እግር ይሻላል። ልጁ ከግድግዳው ወጥቶ መንገዱ መሃል ሲቆም ቀለሙ ይለቀዋል፤ ግድግዳው ደግሞ ከኋላው በሙሉ ውበቱ ይታያል።

ሐረርና ፎቶ ከተነሳ ራምቦን ማለፍ ያስቸግራል። ፈረንሳዊው ገጣሚ በ1883 (እ.ኤ.አ.) ሐረር ሆኖ ራሱን ፎቶ አንስቶ ለቤተሰቡ ልኳል። ፎቶዎቹ ነጥተውበት ነበር። በደብዳቤው ያሳበበው ለማጠቢያ በተጠቀመበት መጥፎ ውሃ ነው። የኛዋ ደንበኛ በማተሚያችን እንዳሳበበችው።

ኤዲቱ

ሆን ብዬ ነው መጨረሻ ያመጣሁት። እሷ መጀመሪያ የፈለገችው እሱን ነበር፤ «ኤዲት ብቻ አሳየኝ» ነበር ያለችኝ። በረንዳው ላይ ያነሳቻቸው ሲመጡ ግን ኤዲት የሚፈልገው ትንሽ ሆነ።

ስልኳ ላይ ስናፕሲድ የሚባለውን የፎቶ ማስተካከያ መተግበሪያ ጫንን። ነፃ ነው። በ2011 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ነው፤ በዓመቱ ጉግል አምራቹን ገዝቶ የራሱ አደረገው። ቅደም ተከተላችን ቀላል ነበር። መጀመሪያ ክሮፕ፣ ማለትም ትርፉን መቁረጥ። ከዚያ ዋይት ባላንስ፣ ማለትም ነጩ ነጭ እንዲመስል ቀለሙን ማመጣጠን፤ ለዚህ ፎቶው ውስጥ ነጭነቱ የታወቀ ነገር ይፈለጋል፣ የቀሚሱ ነጭ ወይም የሻሽ ነጭ። ከዚያ ጥላውን ትንሽ ማንሳት። በመጨረሻ ሴሌክቲቭ በሚባለው መሣሪያ ፊት ላይ ነጥብ አስቀምጦ ፊቱን ብቻ ማብራት።

ምን ያህል ይብራ? ለዚህ እሷ ያመጣችው ዘዴ ከኔ ይበልጣል። ልጅቷን አጠገቧ ታስቀምጥና ስልኩን ከጉንጯ ጎን ይዛ ታያለች። በብራይትነስ ግማሽ። የፎቶው ፊት ከልጅቷ ፊት ከነጣ ታወርደዋለች። ማሳመሪያውን ከዚያ ወዲህ ዘግታዋለች።

ነጭ ቀሚሱ ግን አስቸግሮናል። ጄፔግ በሚባለው የተለመደው የፎቶ ፋይል ውስጥ እያንዳንዱ ነጥብ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ከ0 እስከ 255 ቁጥር አለው። የቀሚሱ ጥልፍ ሦስቱም ላይ 255 ከደረሰ ጥልፉ የለም። ብራይትነስ ሲያወርዱት ግራጫ ጨርቅ ይሆናል እንጂ ጥልፉ አይመለስም። ስለዚህ ነጭ ሲለብሱ ፎቶውን ትንሽ ጨለም አድርጎ አንስቶ ፊቱን በኋላ ማንሳት ነው። ሂናው ደግሞ ተቃራኒውን አስተማረን። ቀለሙ እንዲደምቅ ብላ ሳቹሬሽኑን ስትገፋው እጇ የቆሰለ መሰለ። የቀለሙን ነገር ትተን እጇን ወደ ፊቷ አስጠግታ እንድትነሳ አደረግን። ሂናው በራሱ ታየ።

ከዚያ ጠባሳው መጣ። ወንዱ ልጅ ቅንድቡ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለው። አንዱ ፎቶ ላይ ጠፍቶ አገኘሁት። በኤዲት አጥፍታዋለች፤ ጎበዝ ሆና ነው ያጠፋችው። እኔ ለልጆች ፎቶ የምከተለው ነገር አለ። በሳምንት የሚጠፋ ከሆነ ይጥፋ፤ ንፍጥ፣ የከረሜላ ምልክት፣ የትንኝ ንክሻ። የሚቆየው ይቆይ። ይህንኑ ስላት ትንሽ ዝም አለች።

«ወንድሜ፣ አባቱ መውደቁን አያውቅም። እንዳይደነግጥ ብዬ ነው።»

ይህ የፎቶ ጉዳይ አይደለም። አልተከራከርኳትም። በሚቀጥለው ጊዜ ባመጣችው ላይ ጠባሳው በቦታው ነበር። ምን እንደተነጋገሩ አልጠየቅኩም።

አላላኩንም ማስተካከል ነበረብን። እሷ ፎቶውን ለኛ የምትልከው በቴሌግራም ነው፤ እንደ ፎቶ። ቴሌግራም ያኔ ያሳንሰዋል፤ ረጅሙ ጎን ብዙ ጊዜ 1280 ፒክስል ይሆናል። 10 በ15 ፎቶ በደንብ እንዲወጣ 1800 በ1200 አካባቢ ቢሆን ይመረጣል። እንደ ፋይል ሲላክ ግን እንዳለ ይደርሳል። ፋይሉ ግን ፎቶው የተነሳበትን ቦታም ይዞ ሊሄድ ይችላል። ካሜራው ላይ የቦታ መመዝገቢያውን አጠፋንላት። የልጆች ፎቶ ከቤት አድራሻ ጋር መዞር የለበትም። የስልክ ፎቶ የጎኖቹ ምጥጥን ደግሞ ብዙ ጊዜ 4 ለ3 ነው፤ የሚታጠበው ወረቀት 3 ለ2 ነው። ስልኩ አግድም ተይዞ ሲነሳ ልዩነቱ ከላይ ወይም ከታች ይቆረጣል። «ጭንቅላቷን ቆረጣችሁት» የሚለው ሌላው የተለመደ ጠብ የሚመጣው ከዚህ ነው። ከአናት በላይ ትንሽ ቦታ መተው ይበቃል።

ወንዱን ልጅ ማንሳት ሌላ ሥራ ነው። የፊት ጥርሶቹ ወልቀዋል። እናትየዋ ስታነሳው «አፍህን ግጠም!» ትለው ነበር። ስለዚህ ፎቶዎቹ ሁሉ ላይ ከንፈሩን ነክሶ ነው ያለው። «ተይው፣ ይሳቅ» አልኳት። ሳቅ ሲሉት ደግሞ አይስቅም። እህቱ ከስልኩ ጀርባ ቆማ እንድታስቀው ተደረገ። እናትየዋ ማንሻውን ተጭና በመያዝ ደጋግማ አነሳች። ከብዙዎቹ አንዱ ወጣ፤ አፉን ከፍቶ፣ ያለ ጥርስ።

ሁለተኛው ዙር ታጠበና ሄደ። አባትየው በድምፅ መልሶ ልኳል፤ እናትየዋ አሰማችኝ። ስለ ብርሃኑ ምንም አላለም። «ጥርሱ መቼ ነው የወለቀው? ለምን አልነገራችሁኝም?» ነው ያለው። ስለ ሂናውም ለልጅቷ ለብቻዋ የሆነ ነገር ብሏታል፤ እሱን ግን አላሰማችኝም።

ሴቷ ልጅ አሁን የራሷ አቋም አላት። ከመላኩ በፊት ማየት ትፈልጋለች። «ይሄን አትላኪ» ካለች አይላክም። እናትየዋ መጀመሪያ ተናደደች፤ ጥሩ የወጣ ፎቶ ስለነበረ። ልጅቷ ምክንያቷን አልተናገረችም፤ መናገር ያለባትም አይመስለኝም።

የማታው ፎቶ ገና አልተፈታም። በድሬ ሙቀት ቤተሰብ የሚሰበሰበው ማታ ነው፤ ልጆቹም የሚጫወቱት ያኔ። የሚሮጥ ልጅ ሳይደበዝዝ እንዲያዝ ካሜራው ከሰከንድ 1/250ኛ አካባቢ መፍጠን አለበት። ያንድ አምፖል ብርሃን ለዚያ አይበቃም። ስልኩ ቀስ ይላል፣ ልጁ ይደበዝዛል፣ ፎቶው አቧራ የተነፋበት መስሎ ይወጣል። ይህን ኤዲት አያድነውም። ፍላሹን ሞክራ ጠላችው። እኔ ለጊዜው ያልኳት ጨዋታውን ወደ አምፖሉ አምጪው ነው። ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ ብርሃኑ አራት እጥፍ ገደማ ይሆናል። የሚቀጥለውን ፖስታ ስታመጣ እናያለን።